በእንተ ሐዲስ ሰማይ ወሐዲስ ምድር፤ ስለ ፍጥረት መታደስ ተስፋና ደስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በ2ኛው መልእክቱ፥ በምዕራፍ 3 በቁጥር 13፥ ሐዲስ ሰማይንና ሐዲስ ምድርን በተስፋ እንድንጠብቅ ያስተምረናል። ከዚያ አስቀድሞ ግን በቁጥር 10 ይህ ዓለም በእሳት እንደሚያልፍ ተናግሯል። ስለዚህ አንባቢ፦ የሚቃጠል ከሆነ የሚታደሰው ምንድር ነው? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ምድር ለጥፋት ብቻ የተጠበቀች እንደ ሆነች፥ ዛፏን መንከባከብ፥ በላይዋም ስለሚኖር ድኻ መሟገት ከንቱ ድካም ይሆናልና።

ሐዲስ ማለት ሁለት ወገን ነው። አንዱ ቀድሞ ያልነበረ፥ ዛሬ የተገኘ ማለት ነው። ሁለተኛው አርጅቶ የነበረ፥ ኋላ የታደሰ ማለት ነው፤ ግሡ ሐደሰ ነውና፥ ሐደሰ ማለትም አደሰ ማለት ነው። በዚህ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ማስረጃው ከዚያው ምዕራፍ ይገኛል። ሐዋርያው ከቁጥር 5 እስከ 7 የእሳቱን ነገር ከኖኅ ዘመን ውኃ ጋራ አነጻጽሮታል። የቀድሞው ዓለም በውኃ ጠፋ ተባለ፤ ነገር ግን ኖኅ ከመርከብ ወጥቶ መሠዊያ የሠራባት ምድር ያችው ናት እንጂ ሌላ አይደለችም። ጠፋ የተባለው ዐመፃዋ ነው። ወርቅም ወደ እሳት ቢገባ ጉድፉ ይለያል እንጂ ወርቅነቱ አይጠፋም። አንድም እሳት ያለው ፍርዱን ነው፤ ፍርድ ክፉውን ከደጉ ይለያልና።

የዚህም ምስክር በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የምናከብረው የእመቤታችን ልደት ነው። እግዚአብሔር ዓለሙን ሊያድን በወደደ ጊዜ ሌላ አፈር አንሥቶ ሌላ አዳም አልፈጠረም። ከአዳም ዘር፥ መካኖች ከነበሩት ከኢያቄምና ከሐና፥ እመቤታችንን አስገኘ፤ ከእርሷም ሥጋን ነሣ። በዚያው ሥጋ ተሰቀለ፥ በዚያው ሥጋ በ3ኛው ቀን ተነሣ። ለቶማስም የችንካሩን ምልክት ያሳየው የሞተውና የተነሣው አንድ እንደ ሆነ ያስረዳ ዘንድ ነው። በራስ የሆነው ለአካል ሁሉ መያዣ ነውና፥ የፍጥረት መታደስ በትንሣኤው ተጀምሯል።

ሕዝባችን በዚህ በዓል ንፍሮ ቀቅሎ፥ ከቤት ወጥቶ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። አባቶች ምክንያቱን ሲነግሩን እመቤታችን በሊባኖስ ተራራ ስለ ተወለደች ነው ይላሉ። ተራራና ዛፍ ልደቷን ተቀብለዋልና፥ የሰው ደስታ ያለ እነርሱ አይፈጸምም። ነገር ግን ዛፉን ቅቤ መቀባት፥ አድባር ብሎም መለማመን ከዚህ ደስታ ውጭ ነው። ዛፍ ከእኛ ጋራ ተስፋን የሚጠብቅ ፍጥረት ነው እንጂ ተስፋን የሚሰጥ ፈጣሪ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው፥ በምዕራፍ 8 ከቁጥር 19 እስከ 22፥ ፍጥረትን በምጥ ባለች ሴት መስሏታል። ምጥ ከሞት ጣር የሚለየው በፍጻሜው ነው፤ የአንዱ መጨረሻ መቃብር፥ የሌላው መጨረሻ ልጅ ነው። ስለዚህ ድርቅንና መከራን ያየ ክርስቲያን ያለቅሳል፥ ነገር ግን ተስፋ አይቈርጥም።

በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር የኖረ ሰው የሰውን እድሳት በዓይኑ አይቷል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት አሮጌው የጭቃ ቤት ፈርሶ በስፍራው ፎቅ ቆሟል። ለመኖሪያ የማይበጀውን ለውጦ የሚበጀውን መሥራት መልካም ነው። ዳሩ ግን የሰው እድሳት አሮጌውን ሳያፈርስ ሐዲሱን ማቆም አይችልም፤ ከቤቱም ጋራ ጉርብትናውና ዕድሩ ይበተናል። የእግዚአብሔር እድሳት እንዲህ አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 65 በቁጥር 17 የሐዲስ ሰማይንና የሐዲስ ምድርን ነገር ከተናገረ በኋላ፥ በቁጥር 21ና 22 ቤት የሠራ ራሱ እንደሚኖርበት፥ ሌላም እንደማይወርሰው ያስረዳል። በመካከሉ በቁጥር 18 ደስ ይበላችሁ የሚል ትእዛዝ አለ። የደስታው ምክንያት ሰው ከደከመበት ነገር የማይነቀል መሆኑ ነው።

ሐዋርያውም ያችን ምድር ጽድቅ የሚኖርባት ብሏታል። እንግዲህ ጽድቅን ዛሬ ከደጁ የሚያባርር ሰው ነገ ከጽድቅ ጋራ እንዴት ይኖራል? ሹም ስለ ቤትና ስለ መሬት ሲፈርድ፥ ከሕንፃው አስቀድሞ ነዋሪውን ይመልከት። ካህንም የደብሩን ዛፍ ይጠብቅ፤ በጎጃምና በጎንደር ሜዳው ሁሉ ሲራቆት አገር በቀሉ ደን የተረፈው በብዙ ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነውና። ይህን የሚያደርግ ሰው ሐዲሲቱን ምድር በራሱ ኃይል አያመጣትም፤ የምትመጣዋን የሚያምን መሆኑን ግን በሥራው ይመሰክራል።

ያረጀውን የማይጥል፥ የሚያድስ አምላካችን፥ ከኢያቄምና ከሐና ደስታ ይክፈለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።