ምልመላ ከመልበሻ ክፍል ይጀምር

በአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ድሮ ኮሌጅ የቀየረ ተጫዋች ባብዛኛው አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ ግዴታ ለመጀመሪያ ዝውውር ተነሣ፤ በ2024 ደግሞ ትምህርቱን በአግባቡ የያዘ ሁሉ የፈለገውን ያህል ጊዜ ተዛውሮ ወዲያው እንዲሰለፍ ተፈቀደለት። ከ2025 ወዲህ ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። እንዲህ ያለ ገበያ ሲከፈት የአሰልጣኝ ዓይን ወደ ውጭ መሄዱ አይገርምም። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መመልመል ያለበት እጃችን ላይ ያለው ልጅ ነው እላለሁ። በተለይ መከላከል በልማድ የሚገነባ ሥራ ነው፤ አንዱ ሲታለፍ ማን እንደሚደርስለት፣ የደራሹን ቦታ ማን እንደሚሸፍን አምስቱም ሳይነጋገሩ ማወቅ አለባቸው። ይህ በአንድ ክረምት ልምምድ አይመጣም።

ቨርጂኒያ በ2018 ወደ ብሔራዊው የኮሌጆች ውድድር ከምድቡ አንደኛ ተብሎ ገብቶ 16ኛ በተባለው ዩኤምቢሲ 74 ለ 54 ተሸነፈ፤ በወንዶቹ ውድድር ከዚያ በፊት ያልታየ ውጤት ነበር። አሰልጣኙ ቶኒ ቤኔት ግን ቡድኑን አላፈረሱም። ካይል ጋይ፣ ታይ ጄሮምና ዲአንድሬ ሀንተር ተመለሱና በ2019 ዋንጫውን አነሡ። በዚያው ጉዞ ፐርዱን ሲገጥሙ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ኳሱን አሳድዶ ከሩቅ ያቀበለው የመጀመሪያ ዓመቱ ኪሂ ክላርክ ነው፤ አስቆጥሮ ጨዋታውን ወደ ጭማሪ ሰዓት የወሰደው ደግሞ ነባሩ ጊኒያዊ ማማዲ ዲያኪቴ። ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን ዩኮን ነው። በ2023 ዋንጫ ሲወስድ ዶኖቫን ክሊንገን የአዳማ ሳኖጎ ተቀያሪ ነበር። ሳኖጎ ሲሄድ ተተኪው ቤት ውስጥ አድጎ ጠበቀ። ትሪስተን ኒውተንና አሌክስ ካራባንም ስላልለቀቁ፣ አሰልጣኝ ዳን ሀርሊ የጎደላቸውን ለይተው መፈለግ ቻሉ፦ ካም ስፔንሰር ከራትገርስ፣ ስቴፎን ካስል ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጡ። በ2024 ዋንጫው ተደገመ።

ፍሎሪዳን የሚጠቅስ ተከራካሪ አለ፤ በ2025 ሻምፒዮን ሲሆን ከቋሚ አምስቱ አራቱ ከሌላ ኮሌጅ የተዛወሩ ነበሩና። እውነት ነው። ነገር ግን ዊል ሪቻርድ በፍሎሪዳ ሦስተኛ፣ ዋልተር ክሌይተን ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ስለዚህ ነባርነትን የምቆጥረው ልጁ አብሮ በቆየበት ጊዜ እንጂ በመጣበት በር አይደለም። በ2012 በአንቶኒ ዴቪስና በጀማሪ ጓደኞቹ ዋንጫ የወሰደው ኬንታኪም ቢሆን ቴረንስ ጆንስን፣ ዶሮን ላምብንና የአራተኛ ዓመቱን ዳሪየስ ሚለርን ከቀድሞው ቡድን ይዞ ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ቀጣይነትን ማወደስ ልጆቹን መልሶ ማሰር አይሆንም ወይ? አሰልጣኞች እንደልባቸው ሥራ ሲቀይሩ ኖረዋል፤ ተጫዋቹም ያንኑ መብት ማግኘቱ ፍትሕ ነው፣ እንዲነጠቅም አልፈልግም። የምጠይቀው ቡድን ከምንገነባው ከእኛ ነው። ገበያው ሳይከፈት በፊት ለነባሩ የሚገባው ክፍያ ተለይቶ ይቀመጥ። ሰባተኛና ስምንተኛ ተጫዋቾቻችን በሚቀጥለው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደምናስብላቸው፣ ለዚያም ምን ማሻሻል እንዳለባቸው ፊት ለፊት ይነገራቸው፤ ቦታ ከሌለም ቦታ የለም ይባሉ። ከውጭ የሚመጣውን ስንመርጥም፣ ችሎታቸው ከተቀራረበ ሁለት የመጫወቻ ዓመት የቀረውን አንድ ብቻ ከቀረው እናስቀድም።