ፋይሉ መቼ ነበረ?

ዛሬ የተጻፈን ውል የአምና ማስመሰል ከባድ አይደለም፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። ወረቀት ሲፋቅ ይሳሳል፤ ፋይል ሲነካካ ግን ለዓይን የሚታይ ምልክት አይተውም። ታዲያ አንድ ፋይል በዚህ ቀን፣ እንዲህ እንዳለ፣ እንደነበረ ማን ይመሰክራል? ወዳጆቼ፣ መልሱ እጅግ ያምራልና ስሙኝ!

መነሻው ሃሽ የሚባል ስሌት ነው። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ዓይነት አንድ ገጽ ማስታወሻም ስጡት የሁለት ሰዓት ፊልም፣ ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ፣ ርዝመቱ ሁልጊዜ 64 የሆነ መለያ ያወጣል፤ መለያው ራሱም ሃሽ ይባላል። ፋይሉ ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጨምሩ መለያው ጨርሶ ይለወጣል። ያንኑ መለያ የሚሰጥ ሌላ ፋይል መፈብረክ እስካሁን ለማንም አልተቻለም። (የቀድሞው ኤስኤችኤ-1 ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ተሰብሯል፤ አትጠቀሙበት።)

መለያው ብቻውን ቀን የለውም። ቀኑን የሚመዘግብ ሰው እናስቀምጥ ቢባል፣ እሱስ ቢዋሽ? ስቱዋርት ሄበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ መላውን አመጡ፦ መለያውን ከቀኑ ጋር የሚመዘግብ እያንዳንዱ የጊዜ ማህተም የቀዳሚውን ማህተም ሃሽ በውስጡ ይያዝ። ያኔ አንዱን የነካ ሰው ተከታዮቹን ሁሉ መለወጥ ግድ ይሆንበታል። ሹሪቲ የተባለው ድርጅታቸው ደግሞ ከ1995 ጀምሮ የተጠራቀመውን ሃሽ በየሳምንቱ በኒውዮርክ ታይምስ የማስታወቂያ ዓምድ ያወጣ ነበር። አጭበርባሪው በየቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ያለውን ጋዜጣ ሁሉ ለቅሞ መቀየር ሊኖርበት ነው! ይህ ብልሃት ዛሬም ያስደንቀኛል። ቢትኮይን ለተባለው ዲጂታል ገንዘብ መነሻ የሆነው የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ከጠቀሳቸው 8 ሥራዎች 3ቱ ሄበርና ስቶርኔታ የተሳተፉባቸው ናቸው።

ቢትኮይን የጋዜጣውን ቦታ ወሰደ። በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት መዝገብ ይይዛሉ፤ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ብሎክ የሚባል አዲስ ክፍል ይቀጠልበታል። ፒተር ቶድ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያስተዋወቀው ኦፕንታይምስታምፕስ የተባለ አገልግሎት የብዙ ሰዎችን ሃሾች ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ወደ አንድ ያደርሳል፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ያ የመጨረሻው ብቻ ነው። በነጻ መስጠት የተቻለውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንተርኔት አርካይቭ ከተባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ስብስብ 750 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች በአንድ የቢትኮይን ዝውውር ብቻ ማህተም አግኝተዋል። ፋይላችሁ ከእጃችሁ አይወጣም፤ የሚላከው ሃሹ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ማህተሙ የሚለው «ይህ ፋይል ከዚህ ሰዓት በፊት ነበረ» ብቻ ነው። የሐሰት ፎቶም ማህተም ያገኛል፤ ማህተም ስላገኘ እውነት አይሆንም። የማን እንደሆነም አይናገርም። ጉልበቱ ያለው ቀድሞ በመገኘቱ ነው፦ ጠብ ሳይነሳ ማህተም ያገኘ የውል ቅጂ፣ ለማንም ሳይላክ ማህተም ያገኘ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የዘፈን ቅጂ ኋላ ላይ ከተፈጠረ ማስረጃ ጋር አይምታታም።

እንግዲህ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ዋናውን ፋይልና አገልግሎቱ የሚሰጣችሁን ትንሽዬ የማስረጃ ፋይል ሁለቱንም አስቀምጡ፤ አንዱ ከጠፋ ሌላው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማህተም ያገኘ ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከሄደ መተግበሪያው ስለሚጨምቀው ሃሹ ይቀየራል፣ ማህተሙም አይገጥምለትም።