በሰው ጽሑፍ ላይ አስተያየት ስንሰጥ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን ሌላ ሰው በጻፈው ነገር ላይ እንዴት አስተያየት መስጠት እንደሚገባን ነው። ስለ ምላስ አደብ ከልጅነታችን ጀምሮ ብዙ ተምረናል። ብዕርም እንደ ምላስ መናገሪያ መሆኑን ግን አብዛኞቻችን እንዘነጋለን። በቃል የተነገረ ክፉ ነገር ሊረሳ ይችላል። የተጻፈውን ግን ባለቤቱ ደጋግሞ ያነበዋል፤ ሌሎችም ያዩታል፤ በሥራ መዝገባችንም ላይ ይሰፍራል።

ዑለማዎቻችን ለዚህ ሥራ ትልቅ ቦታ ሰጥተውታል። በኪታብ ዳር የሚሰፍር ማብራሪያ በዐረብኛ «ሓሺያ» ይባላል፤ ቃሉ ዳርቻ ወይም ጠርዝ ማለት ነው። በሀገራችንም ኪታብ የሚቀሩ ደረሳዎች ከሸይኻቸው የሰሙትን በኪታባቸው ዳር በደቃቅ ጽሕፈት ሲያሰፍሩ ኖረዋል። የጸሐፊው ቃል መሐሉን እንደያዘ ይቆያል፤ አስተያየቱ ደግሞ ከዳር ሆኖ ያግዘዋል።

በሀገራችን የተፍሲር ደርስ ለረጅም ዘመን ሲቀራ የኖረውን ተፍሲር አል-ጀላለይንን እንመልከት። ኢማም ጀላሉዲን አል-መሐሊ ከሱረቱል ከህፍ እስከ ሱረቱን-ናስ ያለውንና ሱረቱል ፋቲሐን ከጻፉ በኋላ በ864 ዓመተ ሂጅራ (በ1459 እ.ኤ.አ) አረፉ። ከሱረቱል በቀራህ እስከ ሱረቱል ኢስራእ ያለውን ቀሪ ክፍል ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ በ870 ዓመተ ሂጅራ በ40 ቀናት ጽፈው ፈጸሙት። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ገደማ ነበር።

ወጣቱ ዓሊም በጥቂት ቦታዎች ላይ ከሸይኹ ተለይተዋል። አል-መሐሊ በሱረቱ ሷድ ላይ ሩሕ ረቂቅ አካል መሆኑን ጽፈው ነበር። አስ-ሱዩጢም በመጀመሪያ ይህንኑ ፍቺ በሱረቱል ሒጅር ላይ አሰፈሩ። በኋላ ግን የሩሕ ዕውቀት የአላህ (ሱ.ወ) መሆኑን የሚያመለክተውን የሱረቱል ኢስራእ 85ኛ አንቀጽ ይዘው ከራሳቸው ክፍል ሰረዙት። የሸይኹን ጽሑፍ ግን እንዳለ ተዉት። ልዩነታቸው ዐሥር ቦታ እንደማይሞላ፣ የሸይኹ ሥራም ከእርሳቸው ሥራ በብዙ ደረጃ እንደሚበልጥ መስክረዋል። በራሳቸው ሥራ መጨረሻም በፍትሕ መርምሮ ስህተት ላሳወቃቸው ሰው የአላህን ምሕረት ለምነዋል።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። ልዩነታቸው በማስረጃ ነበር፤ ቦታውም ተለይቶ ታውቋል፤ የሸይኹም ክብር አልተነካም። በእኛ ዘንድስ ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

አንዲት ወጣት እህት ስለ ዘካ ስትጽፍ የወርቅን ኒሷብ 58 ግራም ብላ አሰፈረች እንበል። ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ስህተት አይደለም። ኒሷቡ 20 ሚስቃል ሲሆን በዛሬው መለኪያ 85 ግራም ገደማ ተብሎ በስፋት ይሠራበታል። ስለዚህ 60 ግራም ወርቅ ያላት እናት ያልተጣለባትን ግዴታ እንደ ግዴታ ትይዛለች።

አንድ አንባቢ «ሳታውቂ ለምን ትጽፊያለሽ?» ቢላት ስህተቱ የት እንዳለ አታውቅም፤ ምናልባትም ሁለተኛ ብዕር አታነሳም። ሌላው «ማሻአላህ፣ ግሩም ነው» ብቻ ቢል ስህተቱ እንዳለ ይቀራል። ሦስተኛው ግን እንዲህ ይጽፍላታል፦ «እህቴ፣ ጽሑፍሽን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ዘካ የሚገባቸውን ወገኖች የዘረዘርሽበት ክፍል ቤተሰቤን ጠቅሟል። በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው 58 ግን ከ85 የተገለበጠ ይመስለኛል፤ እባክሽ ከኪታብ ጋር አመሳክሪው።» ይህ ሰው ጽሑፉን አንብቦ ጨርሷል፤ የጠቀመውን ለይቶ ተናግሯል፤ የስህተቱን ቦታ አሳይቷል፤ ለእህቱም ዑዝር ፈልጎላታል። ነሲሓ ማለት ይህ ነው።

ስህተቱን በቅድሚያ ለጸሐፊው ብቻ ማድረስ መልካም ነው። ጽሑፉ ቀድሞ ሰው ዘንድ ከደረሰ ግን እርማቱም ለሰው መድረስ ይኖርበታል፤ ያኔም የሚታረመው ጽሑፉ እንጂ የሰውየው ክብር አይነካም። ከመጻፋችን በፊት ኒያችንን እንመርምር፦ የምንጽፈው እውነቱ እንዲታወቅ ነው ወይስ እኛ ዐዋቂ እንድንባል?

ይህ አደብ የሚጀመረው ከቤት ነው። ልጃችን የጻፈውን ይዞ ሲመጣ ደብተሩን ገረፍ አድርገን አንመልስለት። ቁጭ ብለን እናንብብለት፤ አንድ የወደድነውን፣ አንድ ደግሞ ሊያስተካክለው የሚገባውን ለይተን እንንገረው። ነገ እርሱም የሌላውን ጽሑፍ የሚያነበው እንዲሁ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ምላሳችንንም ብዕራችንንም ለመልካም ያድርግልን። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።