ኮርድ ከዜማው ይወለዳል

ዘፈን ማጀብ የሚፈልግ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የጣት አቀማመጥ በቃሉ ይሸመድዳል። እነዚያ ድምፆች ለምን አብረው እንደተመረጡ ግን ማንም አይነግረውም። ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

ኪቦርድ ላይ ዶን ይጫኑ። ሬን ዘለው ሚን፣ ፋን ዘለው ሶልን ይጨምሩ። ሦስቱ አብረው ሲሰሙ ዶ ሜጀር ኮርድ ይባላሉ። ጥቁሮቹን ቁልፎች ጨምረው ሲቆጥሩ ከዶ እስከ ሚ 4 ግማሽ ድምፅ፣ ከሚ እስከ ሶል 3 ነው። ሚን ትተው በስተግራው ያለውን ጥቁር ቁልፍ ቢጫኑ ልኩ 3 እና 4 ይሆናል፤ ኮርዱም ማይነር። ዳርና ዳር ያሉት ጣቶች አልተነቃነቁም፤ ስሜቱ ግን ከፍካት ወደ ትካዜ ዞሯል።

በሜጀሩ ልክ ፋ-ላ-ዶ እና ሶል-ሲ-ሬ ይሠራሉ። ሦስቱ ኮርዶች ሰባቱንም ነጭ ቁልፎች ስለሚያዳርሱ እጅግ ብዙ ቀላል ዜማዎች በእነሱ ብቻ ይታጀባሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ታዲያ እጅዎን ሙሉ በሙሉ አያንሱ። የዶና የፋ ኮርዶች ዶን ይጋራሉ፤ ዶን የያዘው ጣት ባለበት ይቆይ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ሶል ወደ ላ ይለፉ። አጀቡን ለስላሳ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ከፍጥነት ልምምድም ይቀድማል።

በእኛ ቅኝቶች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋና ሲ የሉበትም። ስለዚህ የፋ ኮርድ ፋን፣ የሶል ኮርድ ሲን በእንግድነት ያስገባሉ። ከአምስቱ ድምፆች ብቻ የሚወጡት ባለ ሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ናቸው፦ ዶ-ሚ-ሶል እና ላ-ዶ-ሚ። አምባሰል ደግሞ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። መነሻው ዶ በራሱ ላይ ሜጀርም ማይነርም አይሠራም፤ ሚ በምንም መልኩ የለምና። እዚያ ላይ ዶ ሜጀርን የሚጫን ሰው አምባሰልን ያፈርሰዋል። ዶንና ሶልን ብቻ ይዞ ዜማውን መልቀቅ ይሻላል። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲቀምር የታገለው ከዚህ ጋር ነው፦ ባለ አሥራ ሁለት ድምፁን ሃርሞኒ ከባለ አምስቱ ቅኝት ጋር ማዋሐድ፣ ቅኝቱ ሳይጠፋ።

እንግዲህ ከሚወዱት ዘፈን ይጀምሩ። መጀመሪያ ዜማውን በአንድ ጣት ያግኙት፣ ድምፆቹን ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ኮርዱን ከእነሱ ውስጥ ይፈልጉ።