በዓል ክፍል ሲገባ

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ነቀምቴ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ከእንጨት ሻጭ ጋር ስትሟገት ቆሜ ሰማሁ። ሙግቱ የዋጋ አልነበረም። ለችቦ የመጣውን እንጨት የልጅ መዳፍ በሚይዘው ልክ ቆራርጥልኝ ትለዋለች፤ ግማሹን ረዘም፣ ግማሹን አጠር፣ ጥቂቱን ወፈር አድርገህ። ሰውየው እንዲህ ያለ ችቦ አይቶ አያውቅም። “እቴ፣ ለስንት ቤት ነው?” አላት። “ለአንድ ክፍል ነው” አለችው። ከራሷ ቦርሳ ከፍላ፣ የተቆራረጠውን በማዳበሪያ ተሸክማ ሄደች።

መልሷ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ጠይቄ ደረስኩባት። መምህርት ናት። በአንድ መደበኛ ትምህርት ቤት ጥግ ባለች ክፍል የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝምና ዳውን ሲንድረም ያላቸውን ልጆች ታስተምራለች። ተወልዳ ያደገችውም፣ ማስተማር የጀመረችውም ምሥራቅ ወለጋ፣ ኪራሙ ነው። ስሟንም የትምህርት ቤቷንም ስም እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። ተማሪዎቿን የምትጠራቸው “ልጆቼ” እያለች ነው።

“ሰኞ ማለት ለልጆቼ ምንም ማለት አይደለም” አለችኝ። “ሰኞ አይታይም፣ አይሸትም። መስቀል ግን ይሸታል። ገና ልብስ አለው። አረፋ ጣፋጭ አለው፣ ጎረቤት አለው። ፊደል አልያዘም ተብሎ ሦስት ዓመት የተቀመጠ ልጅ አለኝ፤ እናቱ ጌሾ ስታወጣ ግን በዓል መድረሱን ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ታዲያ ይሄ ልጅ አያውቅም ይባላል? እኛ ነን እሱ ከሚያውቀው ያልጀመርነው።”

ክፍሏ በበዓል ይከፈታል፣ በበዓል ይዘጋል። ትምህርት ሲጀመር ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነው የሚጠብቃት። ልጆቹ በኦሮምኛ ኬሎ የሚሉትን ይህን አበባ ለቅመው ያመጣሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ይቆጥራሉ፤ ትልቁን ከትንሹ ይለያሉ። በመስቀል እንጨት ይደረድራሉ። “አንድ ልጅ፣ አንድ እንጨት። ከዚያ ለጓደኛው ተራ ይለቃል። ተራ መጠበቅ ለአንተ ቀላል ይመስልሃል፤ ለእነሱ ግን ከመደመርና ከመቀነስ ይከብዳል። እሳቱን አንለኩሰውም፤ እሱን እቤታቸው ያዩታል። እኛ የምንማረው ረጅምና አጭር፣ ወፍራምና ቀጭን፣ ‘አሁን የአንተ ነው’ እና ‘አሁን የእሷ ነው’ ማለትን ነው።”

ለኢሬቻ እርጥብ ሣር ይዘው በሰልፍ መሄድን ይለማመዳሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሳይገፋፉ፣ ሳይሮጡ። በታኅሣሥ መጨረሻ ዳቦ ይጋገራል። ስንት ጣሳ ዱቄት፣ ስንት ኩባያ ውኃ፣ እርሾው እስኪነሳ መጠበቅ፣ ትኩስ ነገር አለመንካት፣ ቆርሶ ለሌላው ማካፈል፤ አንዱ ዳቦ የአንድ ሳምንት ትምህርት ይወጣዋል። ቡና አፈላል ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ማፍላት፣ መቅዳት፤ አምስቱን ደረጃዎች በአምስት የሥዕል ካርድ ሣልታ ግድግዳ ላይ ለጥፋቸዋለች። ካርዱን በቅደም ተከተል መደርደር የቻለ ልጅ ቀጥሎ ሥራውን ራሱን ይሞክራል።

በሙያው ለሚያውቁት ይህ ባዶ ጨዋታ አይደለም። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ስሟን ያስጠራውን ዘዴ ማዳበር የጀመረችው በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሮም ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካላቸው ልጆች ጋር ስትሠራ ነው፤ ኋላ ላይም መታጠብን፣ ማዕድ ማቅረብን፣ ዕቃ ማንሳትን የትምህርቷ አካል አድርጋዋለች። አሜሪካዊቷ መምህርት ካሮል ግሬይ ደግሞ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ነገ የሚሆነውን ዛሬ በአጭር ታሪክ የመንገርን ስልት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አስተዋወቀች። የኪራሙዋ መምህርት ይህንኑ በራሷ እጅ ሠርታዋለች፦ “ነገ ገና ነው። እንግዳ ይመጣል። ድምፅ ይበዛል። ድምፁ ሲበዛብኝ ጆሮዬን ይዤ ጓሮ እወጣለሁ።” ይህን በገና ዋዜማ ለልጆቹ ታነብላቸዋለች።

ከአገራችን ጋር ሳስተያየው ግን ዘዴው ከውጭ የመጣ ሆኖ አልታየኝም። የቅዱስ ያሬድ ድጓ የተደረደረው በበዓላት ቅደም ተከተል ነው፤ በመስከረም ከዮሐንስ ተነስቶ በአስተምህሮ በኩል ፋሲካ ይደርሳል፣ የዐቢይ ጾሙ ደግሞ ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ይቆማል። ዓይነ ስውሩ ተማሪ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ይህን ሁሉ በጆሮው ይቀበላል። ዓመቱን በበዓል ይዞ፣ ዜማውን በዓመቱ ላይ ይሰቅላል። ከእነዚህ ዓይነ ስውራን መካከል መሪጌታ ሆነው ወንበር የተከሉ ብዙ ናቸው። ቁርኣንን በቃላቸው ይዘው ያስቀሩ ዓይነ ስውራን ሼሆችም እንዲሁ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ማየት የተሳነውን ልጅ ምን ላድርገው ብሎ ከመጨነቁ ከብዙ ዘመን በፊት፣ እነዚህ ጉባኤ ቤቶችና የቁርኣን ትምህርት ቤቶች መልስ ነበራቸው።

ዘመናዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርትም ቢሆን የተነሳው ከወለጋ ምድር ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ የኅዳር በሽታ አገሩን በመታበት ሰሞን ከሱዳን ተጠርቶ በ1911 ዓ.ም ገደማ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ገባ። እሱን ተከትሎ በቆመው ሚሲዮን አካባቢ በ1917 ዓ.ም ግድም ለዓይነ ስውራን የተከፈተው ትምህርት ቤት በጽሑፎች ውስጥ የአገሪቱ የመጀመሪያ ተብሎ ይጠቀሳል። ቄስ ጊዳዳ ሶለን የዚያው የደምቢ ዶሎ ሰው ነው። በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ነሳው፤ ገበያ ላይ እየለመነ አደገ፤ ከዚያ ግን ሰባኪ፣ ቄስ፣ የአገር ሽማግሌ ሆነ። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ባስወጣ ጊዜ ምእመኑን ሰብስበው ካቆዩት አንዱ እሱ ነበር። ልጁ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ይህን ታሪክ ለመምህርቷ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝና “ታዲያ ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ ለምን እንጨት በራሴ ደሞዝ እገዛለሁ?” አለችኝ።

በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ1994 ዓ.ም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ፈረንጅ አገር የተሠራውን የንግግር ስልጠና እንዳለ አላመጡትም፤ ከፊደል ገበታችን ተነስተው አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያሉትን ዘዴ ቀመሩ። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም አርፈዋል። ከመንገዳቸው የምወስደው ትምህርት አለ፤ ልጁ በሚሰማው ድምፅና በሚኖርበት ቤት የተጀመረ ትምህርት ሩቅ ይሄዳል።

ወረቀቱ አልጎደለንም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች አንስቶ ነበር። በ1998 ዓ.ም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ተሻሻለ። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ2002 አጽድቃለች። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ግን አካል ጉዳተኛው ከሕዝቡ 1.09 በመቶ ብቻ ነው አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ብሎ ገመተ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ማን እንደ ተቆጠረና ማን ጓዳ ውስጥ እንደ ቀረ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

ጓዳ ስል በግምት አይደለም። ከተማሪዎቹ የአንዱ እናት የነገሩኝን እንዳለ ልጻፈው፦ “በዓል ሲመጣ እሱን ጓዳ አስገብቼ እዘጋበት ነበር። እንግዳ ሲበዛ ይጮሃላ! ሰው ምን ይላል ብዬ። ዘንድሮ ቲቸር ቄጠማ መጎዝጎዝ አስተማረችው። አሁን ቤቱን የሚጎዘጉዘው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲነካበት ይቆጣል። አማቼ ሲመጡ ‘ይሄን ማን ጎዘጎዘ?’ ብለው ጠየቁ። ‘ልጅዎ’ አልኳቸው።”

በዓልን ክፍል ማስገባት የራሱ ጥያቄ አለው፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዝዛል። ወለጋ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ አማኙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ዋቄፈታው በአንድ ወንበር የሚቀመጡበት አገር ነው። መምህርቷም በዚህ ሁለት ጊዜ ተከሳለች፤ አንዴ በወላጅ፣ አንዴ በሱፐርቫይዘር። “እኔ እምነት አላስተምርም” ትላለች። “የማስተምረው የቤቱን ሥራ ነው። መጥረግ፣ መጋገር፣ መቅዳት፣ እንኳን አደረሳችሁ ማለት፣ እንግዳ ሲገባ ተነስቶ እጅ መንሳት። ይሄ የየትኛው ሃይማኖት ነው? የሁሉንም በዓል በተራ እሠራለሁ፤ የአንዱን ዘልዬ አላውቅም።” ለእኔ መልሷ በቂ ነው። ሕጉ የሚከለክለው ስብከትን ነው፤ በእሷ ክፍል ስብከት አላየሁም።

ጉዳዩ ለሚመለከተው አንድ የትምህርት ኃላፊ ሁለት ጥያቄ አቅርቤ ነበር፤ ለልዩ ፍላጎት ክፍሎች የማስተማሪያ ቁሳቁስ የተያዘ በጀት አለ ወይ፣ ይህን መሰሉን ትምህርት ዕቅድ ውስጥ ማስገባት ይፈቀዳል ወይ። መጀመሪያ “ስብሰባ ላይ ነኝ” አሉ። ቀጥለው ጥያቄውን በጽሑፍ አድርገው አሉ፤ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን አያነሱም።

ስለ በዓል ሲወራ ሁሉም ልጅ ይደሰታል ብለን እንዳናስብ የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ያለ ኪራሙ መጻፍ አይቻልም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በነሐሴ 2013 ዓ.ም ባወጣው መግለጫ በጊዳ ኪራሙ ወረዳ ከነሐሴ 12 ጀምሮ ታጣቂዎች ከ150 በላይ ሰው መግደላቸውን፣ በተከታዮቹ ቀናትም በብሔር ላይ ባነጣጠረ የበቀል ጥቃት ሌሎች ከ60 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አሳውቋል። ነሐሴ 12 የቡሄ ዋዜማ ነው። መምህርቷ የልጅነቷን ኪራሙ ስታስታውስ በቡሄ ሙልሙል ከአማራው ቤት ወደ ኦሮሞው ቤት ሲሻገር፣ ማርና እርጎ ሲመለስ ነው የምታወራው። ያ ዋዜማ ግን ወላጆችን እዚህም እዚያም አሰደደ። አንዳንዱ ነቀምቴ ገባ፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ እስከ ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ደረሰ።

“የጅራፍ ድምፅ ሲሰሙ ጠረጴዛ ሥር የሚገቡ ልጆች አሉኝ” አለችኝ። “ርችትም እንደዚያው። ጤነኛ የምትለው ልጅ ‘ይሄ ጅራፍ ነው’ ብትለው ይገባዋል። የእኔ ልጅ በቃል አይገባውም። ስለዚህ ከበሮ አመጣሁ። መጀመሪያ በጣት፣ በጣም ቀስ ብዬ። ከዚያ እሱ ራሱ ይመታል። ድምፁን ያወጣው እሱ መሆኑን ሲያይ አይፈራም። መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ አለች፤ እሷ መዳፏን ከበሮው ላይ አድርጋ ትስቃለች። በግ ሲታረድ ግን አላሳይም። ደም አላስተምርም። ያዩት ይበቃቸዋል።”

ይህን ስትነግረኝ የገባኝ፣ የበዓል ትምህርት ክፍሉን በፊኛና በቀለም ወረቀት ማሳመር አለመሆኑ ነው። የትኛው ልጅ የቱን ድምፅ እንደሚፈራ፣ የማን አባት በየትኛው በዓል እንደ ቀረ ማወቅ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ የግል የትምህርት ዕቅድ ይውጣ የሚለው መመሪያም ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ያለዚያ በዓሉ ልጁን መልሶ ያቆስለዋል።

ልዩ ፍላጎት ካላቸው የአገራችን ልጆች በትምህርት ገበታ ላይ ያሉት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። በጸጥታ ችግር ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው የወለጋ ወረዳዎች ይህ ቁጥር ምን ሊመስል እንደሚችል አንባቢ ይገምት። መደበኛው ክፍል ሲከፈት እንኳ ልዩ ፍላጎት ክፍሉ መጨረሻ ላይ ይከፈታል፤ መምህሩ ከተፈናቀለ ደግሞ አይከፈትም። መምህርቷ ኪራሙ ትታቸው ስለመጣቻቸው ልጆች ስጠይቃት የሁለቱን ብቻ ወሬ እንደሰማች ነገረችኝ፤ ሁለቱም ቤት ናቸው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ የሚያዘጋጁት ከዚያ አስቀድመው ነው። ለልዩ ፍላጎት ክፍል የዱቄት፣ የከበሮ፣ የሥዕል ካርድና የእንጨት መግዣ የሚሆን አንድ መስመር እዚያ ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ መምህራኑም የበዓል ትምህርታቸውን በሌሰን ፕላን ጽፈው እንዲያቀርቡ ይፈቀድላቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ የሚቀጥለውን በዓል አትጠብቁ። ዛሬ ቡና ስታፈሉ ስኒውን እሱ ያቅርብ፣ እሷ ትደርድር።