የአንድ ስንዝር ሜዳሊያ

በ100 ሜትር መሰናክል እግር የነካው እንጨት ይወድቃል፤ ሯጯም ሩጫዋን ትቀጥላለች። የ3,000 ሜትሩ መሰናክል ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። ለሴቶች ቁመቱ 76.2 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው አግዳሚ ውፍረት 12.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከባድ ስለሆነ ቢመቱት እግር ይጎዳል እንጂ እሱ አይገለበጥም። በሰባት ዙር ተኩል ውስጥ ደረቁን መሰናክል 28 ጊዜ፣ ውሃ ያለበትን ደግሞ 7 ጊዜ መሻገር ግድ ነው። የውሃው ጉድጓድ 3.66 ሜትር ይረዝማል፤ ከእንጨቱ ሥር ጥልቅ ነው፣ ወደ ፊት እየሳሳ ሄዶ ከመሮጫው ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ እንጨቱን ረግጣ አርቃ የዘለለች ጫማዋን ብቻ አርሳ ታልፋለች። ጉልበቷ የከዳት ግን ጥልቁ ውስጥ ታርፋለች፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ጫማዋ ከብዶ፣ እግሯ ዝሎ እንደገና እዚያው ትመጣለች። ከሩጫ ዓይነቶች ሁሉ ትግልን የሚመስል ቢኖር ይህ ነው፤ ባላጋራዋ የማይወድቅ፣ የማይደክም እንጨት መሆኑ ብቻ ይለያል።

በዚህ ውድድር ለኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያመጣችው አትሌት ሶፊያ አሰፋ የደቡብ ወሎ ልጅ ናት። የተወለደችበት ተንታ ወረዳ ከመቅደላ ጋር የሚጎራበት፣ በለጋምቦና በአማራ ሳይንት አድርጎ እስከ ቦረናና መካነ ሰላም የሚዘልቀው ደጋ አካል ነው። ስሟ ግን በአገር ደረጃ የጥሩነሽ ዲባባን ወይም የደራርቱ ቱሉን ያህል አይነሳም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ወርቅ ነው፣ የምናስታውሰውም ወርቁ የተገኘበትን ቀን ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ልማድ ጋር ነው። የአንዲት ስፖርተኛ የሙያ ዘመን በአንድ ቀን ውጤት ሲለካ ፍርዱ ይዛባል፤ የቀን ውጤት ከምስክሮች ሁሉ ደካማው ነውና። የሶፊያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሎምፒክ ፍጻሜ ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ በ9 ደቂቃ ከ06.72 ሰከንድ አንደኛ፣ ቱኒዚያዊቷ ሃቢባ ግሪቢ በ9 ደቂቃ ከ08.37 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኑ። ሶፊያ በ9 ደቂቃ ከ09.84 ሰከንድ ሦስተኛ ወጣች። በስታዲየሙ መድረክ ላይ ነሐስ አጠለቀች፤ የሩሲያ መዝሙር ተዘመረ፤ ዓለምም ውጤቱን መዝግቦ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። ያ መዝገብ ግን ትክክል አልነበረም። የአትሌቶች የደም መረጃ ለዓመታት እየተመዘገበ የሚመረመርበት ባዮሎጂካል ፓስፖርት የተባለው አሠራር የዛሪፖቫን ጉድ አወጣ። የሩሲያ የጸረ አበረታች ቅመሞች ተቋም ቢቀጣትም ውጤቶቿን የሰረዘው እየመረጠ ነበር። የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ይግባኝ አለ፤ ዓለም አቀፉ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤትም መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ውጤቷን ሰረዘ። ወርቁ ለግሪቢ፣ ብሩ ለሶፊያ፣ ነሐሱ ለኬንያዊቷ ሚልካ ቼሞስ ሆነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ነው፤ ሆኖም ይህ ንጋት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ፈጅቷል። በለንደን ተሰብስቦ ያጨበጨበው ሕዝብም ዳግመኛ አልተሰበሰበም።

ከዚህ ውጤት አንዲት ቁጥር ነጥሎ ማየት ይጠቅማል። አራተኛ የወጣችው ቼሞስ የገባችው በ9 ደቂቃ ከ09.88 ሰከንድ ነው፤ ከሶፊያ ጋር የነበራቸው ልዩነት የሰከንድ አራት መቶኛ ነበር። ሁለቱ በሮጡበት አማካይ ፍጥነት ይህ ሲሰላ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በእጅ ቢለካ አንድ ስንዝር ማለት ነው። ከ3,000 ሜትርና ከ35 ዝላይ በኋላ ሶፊያን ከባዶ እጅ የለያት አንድ ስንዝር ነው። ያቺን ስንዝር በመጨረሻው ዝላይ ላይ ብታጣ ኖሮ ከለንደን ያለ ሜዳሊያ ትመለስ ነበር። እንግዲህ አንድ ስንዝር አንዲትን ሴት ከሚወሳው ስም ወደማይወሳው የሚያሻግር ከሆነ፣ መለኪያው የሚመዝነው ሥራዋን ነው ወይስ ዕድሏን?

ጥያቄውን ከሌላ ወገን ለማየት ውጤት ጭራሽ ትርጉም ወደሌለው ስፖርት መሻገር ይቻላል። በሳተላይት ቴሌቪዥን ወጣቶቻችን አፍጥጠው የሚያዩት ሬስሊንግ አሸናፊው አስቀድሞ ተወስኖ የሚቀርብ ትርኢት ነው። በመድረክ ስሟ ፔጅ የምትባለው እንግሊዛዊት ሳራያ ቤቪስ በኖርዊች ከተማ ከታጋይ ቤተሰብ ተወለደች፤ በ13 ዓመቷ መድረክ ላይ ወጣች። መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. በአሜሪካው የሬስሊንግ ድርጅት በደብልዩ ደብልዩ ኢ ዋና መድረክ በቀረበችበት የመጀመሪያ ምሽት፣ በ21 ዓመቷ፣ ኤጄ ሊን አሸንፋ የሴቶችን ቀበቶ ወሰደች። ድሉ የተጻፈ ድርሰት ነበር፤ አንገቷ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በደራሲ የተፈጠረ አልነበረም። በዚሁ ጉዳት ምክንያት ሚያዝያ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ገና በ25 ዓመቷ መታገል ማቆሟን አስታወቀች። ከዓመታት ሕክምናና ዕረፍት በኋላ ግን ተመልሳ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሊ ስታዲየም በሌላ ድርጅት መድረክ ዳግም ቀበቶ ታጠቀች።

እዚህ ላይ አንባቢ «ቲያትርን ከኦሎምፒክ ጋር ምን አገናኘው?» ሊል ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሬስሊንግ ውድድር አይደለም፣ የሶፊያም ሩጫ ድርሰት አልነበረም። ነገር ግን ልዩነቱ ራሱ ነገሩን ያጠራዋል። ሬስሊንግ ውጤቱ የተሰናዳ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል፤ ስለዚህ የሚያደንቀው የታጋይዋን ድፍረት፣ ጥበብና ጽናት ነው። በለንደን ግን ሐሰተኛው ውጤት እውነት ተብሎ ታወጀ፤ ያመነውም ሁሉ ተታለለ። በሁለቱም ዘንድ የማይዋሸው አካልና ዘመን ነው። የፔጅ አንገትና የሶፊያ ጉልበት የተናገሩትን ቀበቶና ሰሌዳ አልተናገሩም።

የሙያ ዘመንን ስንመዝን በሩ መቼ እንደተከፈተም መጠየቅ አለብን። በአምስተርዳም ኦሎምፒክ በ1920 ዓ.ም. ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ ጋዜጦች ሯጮቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ ብለው አጋነው ጻፉ፤ ርቀቱም ለሴቶች ከኦሎምፒክ ወጣ። የተመለሰው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት የሮም ኦሎምፒክ። ማራቶን ለሴቶች የተፈቀደው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን ከሁሉ የዘገየው ግን የ3,000 ሜትር መሰናክል ነው። ወንዶች ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሮጡት ሴቶች በኦሎምፒክ ያገኙት በቤጂንግ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው፤ 88 ዓመት ዘግይተው። ሰበቡ በየአገሩ አንድ ነበር፤ «ለሴት አካል አይሆንም» የሚል። በለንደን ከተማም የሴቶች ትግል በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ ለአሥርት ዓመታት ተከልክሎ ቆይቷል። በእኛም አገር ትግልና ገና እረኛ ወንዶች በሜዳ የሚለማመዱት ጨዋታ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ሶፊያ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ስትሮጥ ውድድሩ ለሴቶች በኦሎምፒክ ገና ሁለተኛው ነበር። ቀድማ የሄደች የአገሯ ሴት ባለሜዳሊያ አልነበረችም፤ መንገዱን የጠረገችው ራሷ ናት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአትሌቲክስ ወዳጆች የሚመጣ ነው፤ «ስፖርት ያለ ደረጃ ምንድን ነው? አራተኛ አራተኛ ነው» የሚል። እውነት አለው፤ ደረጃ ባይኖር ውድድር አይኖርም። ክርክሩ ግን ደረጃ ይቅር አይደለም፤ ደረጃ ብቻውን አይበቃም ነው። ሶፊያ ከለንደን በፊት፣ ግንቦት 30 ቀን 2004 ዓ.ም. በኦስሎ 9 ደቂቃ ከ09.00 ሰከንድ ሮጣ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን ያዘች። በ2005 ዓ.ም. በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች፤ ከብሩ የለያት 0.29 ሰከንድ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና አራተኛ ወጣች፤ ከሦስተኛዋ በ0.76 ሰከንድ ተለየች። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ አምስተኛ ሆነች። በደረጃ ብቻ ያነበበው ሰው ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ብሎ ቁልቁለት ያያል። ዘመኑን ያነበበ ግን በዓለም ከባድ ከሆኑት ሩጫዎች በአንዱ ለአምስት ዓመታት ከመሪዎቹ ያልተለየች ሴት ያያል። በዚያው ሪዮ የተፈጸመ ሌላ ነገርም ይህንኑ ያስረዳል። ኢትዮጵያዊቷ እቴነሽ ዲሮ በማጣሪያው በሌሎች መውደቅ ተደነቃቅፋ ጫማዋ ተበላሸ፤ አውልቃ ጣለችውና አንድ እግሯ ባዶውን ሆኖ የቀሩትን መሰናክሎችና ውሃውን ተሻግራ ሰባተኛ ገባች። ሰሌዳው ያሳየው «7» የሚለውን ብቻ ነው። ይግባኙን የተመለከቱት ዳኞች ግን ከቁጥሩ ባሻገር ያለውን አይተው ወደ ፍጻሜው አሳለፏት።

ሦስተኛው ተቃውሞ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ለአየሩ የሚሰጥ ነው፤ «የደጋ ልጅ ስለሆነች ነው» የሚል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ በዚህ ከፍታ ማደግ ለደምና ለሳንባ እንደሚረዳ አይካድም። ይሁን እንጂ ከተንታ እስከ ወግዲ፣ ከሳይንት እስከ ከላላ ያንኑ አየር እየሳቡ የሚያድጉት ልጃገረዶች ብዙ ሲሆኑ ኦሎምፒክ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። ከፍታ እስትንፋስ ይሰጣል፤ በደከመ እግር እርምጃን መጥኖ አግዳሚውን መርገጥን ግን አያስተምርም። ያ የሚገኘው በአሠልጣኝ፣ በመሣሪያና በዓመታት ልምምድ ነው። አየሩን ማወደስ ሥራዋን ማሳነስ ነው፤ በዚያ ላይ እኛን ከኃላፊነት ያወጣናል። አየሩ ሁሉን የሚያደርግ ከሆነ እኛ የምናደርገው ምን ቀረ?

የአንድ የሙያ ዘመን እውነተኛ ልክ ከኋላው በሚመጣው ይታያል። የሶፊያን የኦስሎ ሰዓት መቅደስ አበበ በ2013 ዓ.ም. በዶሃ ወደ 9 ደቂቃ ከ02.52 ሰከንድ አወረደችው። በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ዩጂን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅውሃ ጌታቸው በ8 ደቂቃ ከ54.61 ሰከንድ ብር፣ መቅደስ በ8 ደቂቃ ከ56.08 ሰከንድ ነሐስ ወሰዱ። ከ9 ደቂቃ በታች መሮጥ በሶፊያ ዘመን ለኢትዮጵያ ሴት የማይታሰብ ነበር። ክብረ ወሰን ሲሰበር የቀድሞዋ ባለቤት ተሸነፈች ማለት አይደለም፤ ደረጃ ሠርታ ሄዳ ነበር፣ ሌሎች ወጡበት ማለት ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው፤ ሶፊያ አሰፋ በወርቅ ብቻ በምንቆጥርበት መዝገብ ከተሰጣት ቦታ በላይ ይገባታል። ለእሷ የሚገባውን ክብር ለመስጠት ሐውልት አያስፈልግም። በደቡብ ወሎ በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አንድ አናጺ ሊሠራው የሚችል፣ 76.2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ እንጨት ይቁም፤ የሚያሠለጥን መምህርም ይመደብለት። ልጃገረዶቹ ይሻገሩት፤ አንዳንዴም ይውደቁበት። በሰሌዳ ላይ የማትታየው ያቺ አንድ ስንዝር የምትሠራው እንዲህ ባለው ሜዳ ላይ ነው።