ዘመድ ያመጣው ትርፍ

ከአርባ ምንጭ አቅራቢያ፣ ከላንቴ ወይም ከጫኖ ሚሌ፣ ሙዝ ተቆርጦ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ጥሬ ብር የሚቆጥር ሰው እየቀነሰ ነው። ገዢው ስልኩን ያወጣና “ገብቶልሃል፣ ይኸው” ብሎ ያሳያል። ስክሪኑ ላይ የባንኩ ዓርማ፣ የገበሬው ሙሉ ስም፣ የብሩ መጠንና “ኤፍቲ” ብሎ የሚጀምር የዝውውር ቁጥር ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ግን በማንኛውም ስልክ በደቂቃዎች ውስጥ ሊፈበረክ ይችላል፤ የትናንቱን ወስዶ ስምና ቁጥር መቀየር ይበቃል። መኪናው ሶዶን ካለፈ በኋላ ሂሳቡ ባዶ መሆኑ ቢታወቅ ማን ይያዛል? ሻጭ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ብሩ መግባቱን እስኪያይ ድረስ የገዢው ስክሪን ማስረጃ አይሆነውም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለው። በሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ የዶርዜ ልጅ ጨንቻ ላሉት እናቱ ብር ለመላክ ዛሬ መንገደኛ አይጠብቅም። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ሌባውም የመጣው በዚያው መንገድ ነው።

ስለ ኦንላይን ማጭበርበር ሲወራ “የማታውቀውን ሰው አትመን” የሚለው ምክር ይቀድማል። ምክሩ ትክክል ቢሆንም አይበቃም። ጉዳቱን ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ወይ ስሙ ተሰርቆበት፣ ወይ ራሱ ቀድሞ ተታልሎ።

ስሙ ከሚሰረቅበት እንጀምር። በቴሌግራም ከጓደኛ “ለውድድር ድምፅ ስጪኝ” የሚል ሊንክ ይመጣል። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ቴሌግራም ራሱ የላከውን የማረጋገጫ ኮድ አስገቢ ይላል። ኮዱ ከገባ አካውንቱ በሌላ ሰው እጅ ነው። ሌባው አይቸኩልም። የቆየውን ምልልስ ያነባል፣ ማን “እትዬ” ማን “ጋሼ” እንደሚባል ያጠናል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ በለመደው አጠራር “ጋሼ፣ ትንሽ ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ነገ 5 ሺህ ብር ይላኩልኝ” ብሎ ይጽፋል። ብሩ የሚላክበት ሂሳብ ስም ሌላ ሲሆን “የጓደኛዬ ነው፣ የእኔ አልሠራ ብሎኝ” ይላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህች ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ብር ከመላክ በፊት ለሰውየው በመደበኛው ስልክ ደውሎ ድምፁን መስማት። በቴሌግራም የደኅንነት ቅንብር ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ደግሞ ኮዱ ቢያመልጥ እንኳ ሌባውን በር ላይ ያቆመዋል።

“ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል” የሚለው ጥሪም ከዚሁ ቤት ነው። የሚስጥር ቁጥር ወይም የማረጋገጫ ኮድ በስልክ ንገረኝ የሚል ማንም ቢሆን ጥሪውን መዝጋት ነው። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ ከተራ ቁጥር “ብር ገብቶልሃል” የሚል ከመጣ ሐሰት ነው። የሚያጠራጥር ነገር ሲኖር ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ንግድ ባንክ 951 ላይ ይገኛሉ። ደዋዩ በሰጠው ቁጥር መልሶ መደወል ወደ እሱው መመለስ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ያሳዝናል፤ የሚያሳስተው ሰው አይዋሽምና።

በጋሞ ሕዝብ ዘንድ ቃል ትልቅ ክብር አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢው የነበሩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለብቀላ የወጣውን ወጣት የመለሱት እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩ ሽማግሌዎች ናቸው። ዕቁብም የሚጣለው በመተማመን ነው። አባል ከሥሩ ሌላ አባል እያስገባ የሚቀጥለው የፒራሚድ ንግድ የሚነግደው ይህን መተማመን ነው። የአክስት ልጅ፣ የመዘምራን ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ “እኔ ወስጃለሁ፣ ይኸው” ብሎ ደረሰኙን ያሳያል። እውነቱን ነው፣ ወስዷል። የወሰደው ግን ከእሱ በኋላ የገባው ሰው ያስገባውን ብር ነው።

“ይሄማ እንደ ዕቁብ ነው” የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ሃያ ሰው አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥል ባለ ዕጣው 20 ሺህ ይወስዳል፣ ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ የጣለውን ያህል አግኝቷል። ዕቁብ ለማንም የትርፍ ቃል አይገባም። ሁሉም ከጣለው በላይ ያገኛል የሚባልበት ማኅበር ግን ትርፉን ከየት እንደሚያመጣ መናገር አለበት።

ሒሳቡን በአገራችን ቁጥር እንሥራው። እያንዳንዱ አባል ከሥሩ 6 ሰው ያስገባ ይባል። በ6ኛው እርከን 46,656 ሰው ያስፈልጋል። በ7ኛው 279,936፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአርባ ምንጭ ከተማ ሕዝብ ግን 74,879 ነበር። በ8ኛው እርከን የሚፈለገው 1,679,616 ሰው ሲሆን፣ በዚያው ቆጠራ የያኔው ጋሞ ጎፋ ዞን በሙሉ፣ ሕፃን አዛውንቱ ሳይቀር፣ 1,593,104 ነበር። ስምንት እርከን ሳይሞላ ዞኑ ያልቃል። መጨረሻ የገቡት ከሥራቸው ማንም ስለሌለ ብራቸውን የሚመልስላቸው የለም።

ዘዴው አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እያለ ገንዘብ ሰበሰበ፤ በዓመቱ ውስጥ ወደቀ። ናይጄሪያ ውስጥ በወር 30 በመቶ ትርፍ ቃል የሚገባው ኤምኤምኤም የተባለ ማኅበር በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም.፣ ሰው ለበዓል ብር በሚፈልግበት ሰሞን፣ ክፍያውን አገደ። እዚህ በቴሌግራም የሚመጣው “በቀን 3 በመቶ” ሳይደራረብ እንኳ በዓመት 1,095 በመቶ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው።

እውነተኛው ኢንቨስትመንት ምን እንደሚመስል አገሪቱ በ2017 ዓ.ም. አይታለች። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ትልቁ 3,333። ሰው አስገባ አልተባለም፣ የዕለት ትርፍ ቃል አልተገባም። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠውም 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ነው። ሐቀኛ ሽያጭ እንዲህ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ዝም አላለም። አዋጅ 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭን ይከለክላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ማንነትን በሐሰት አቅርቦ ማታለልንና የሌላን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅን በእስራት ያስቀጣል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የክሪፕቶ ገንዘብን ለግብይት መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። የአክሲዮንና መሰል ኢንቨስትመንቶችን ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ በአዋጅ 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃድ አለን የሚልን ድርጅት እዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ከማጭበርበሪያው መልእክት ጀርባ ያለው ሰው ራሱ የተታለለ ሊሆንም ይችላል። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚያ ካምፖች ብዙዎች የገቡት ጥሩ ደመወዝ ያለው የውጭ ሥራ በኦንላይን ተነግሯቸው ነው፤ እዚያ ደግሞ ሌላውን እንዲያጭበረብሩ በዱላ ተገደዱ። “የኦንላይን ሥራ” ለሚፈልግ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ብሩን የተበላ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ወደ ባንኩ ይደውል፤ የዝውውሩ ቁጥር በእጁ ይኑር፣ ምልልሱን በሐፍረት አያጥፋ። “ብርህን አስመልስልሃለሁ፣ መጀመሪያ ክፈል” የሚል ከመጣ ሁለተኛው ሌባ ነው። የአርባ ምንጭና የጨንቻ ዕድሮች ደግሞ በወርሃዊ ስብሰባቸው ለዚህ ጉዳይ ሩብ ሰዓት ይስጡት፤ የተበላ ካለ እዚያው ይናገር፣ የተላከበትን ሂሳብና የተደወለበትን ቁጥር ያስመዝግብ፣ ከዚያ አንድ ላይ ሆነው ወደ ፖሊስ ይሂዱ።